ቦምቤ ሬድ፣ አዳማ ሬድ፣ ባሮ እና የአበሻ ሽንኩርት ከዘር፦ የትኛውን ዘር ብትገዙ ይሻላል?

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ላይ ወይ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ከዘር ማብቀል ለምትፈልጉ፣ እኔ ካበቀልኳቸው ውስጥ አንደኛ ምሰጠው ለባሮ ሽንኩርት ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ቦምቤ ሬድ፣ ከዛ አዳማ ሬድ፣ የአበሻ ሽንኩርት ግን በዘር ከሚሆን ራሱ ሽንኩርቱ ቢተከል ነው ሚሻለው። ከውጭ ሚመጡት ቆንጆ ስዕል ያለባቸው የራስ ሽንኩርት ፓኬቶች ደሞ እዚህ ሀገር ብዙዎቹ አይሆኑም፣ ለምን እንደማይሆኑ ወረድ ብዬ በደንብ እጽፈዋለሁ ምክንያቱም ሰው ልፋቱን በከንቱ ሚያጣው እዛ ላይ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ግን ሁለት ነገር እዩ፣ የዝርያው ስምና የታሸገበት ቀን። ሁለቱ ያልተጻፈበትን ዘር በነጻ ቢሰጧችሁም አትዝሩት።

ስለ ግዢው ትንሽ ልቆይ። የሽንኩርት ዘር ሱቅ ሚገባው ባብዛኛው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፣ ለገበሬ ታስቦ። ለአንድ ሄክታር ሚመከረው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዘር ስለሆነ ለገበሬው ግማሽ ኪሎ ቆርቆሮ ምንም ማለት አይደለም፣ ለኛ ግን አንድ ግራም ውስጥ ራሱ ከ250 እስከ 300 ፍሬ አለ፣ 10 ግራም የገዛ ሰው ግቢውን ሞልቶ ለጎረቤት ይተርፈዋል። ስለዚ ባለሱቆቹ ቆርቆሮውን ከፍተው በማንኪያ እየሰፈሩ በትንንሽ ላስቲክ ይቸረችራሉ። ዋጋው ለኛ በጣም ጥሩ ነው፣ ለግቢ ሚበቃ ዘር የሚጠየቀው ገንዘብ ማንም ሚከፍለው ነው። ችግሩ የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ዘሮች ሁሉ ቶሎ ከሚሞቱት ነው። የጎመንና የቲማቲም ዘር ሶስት አራት አመት ተቀምጦ ይበቅላል፣ ሽንኩርት ግን አንድ አመት፣ ቢበዛ ሁለት፣ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ ክረምቱን እርጥበት እየጠጣ ከከረመ ደሞ ያንንም አይሞላም።

ይሄን ምላችሁ ደርሶብኝ ነው። ከአንድ ሱቅ የወሰድኩት ላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ "ሽንኩርት" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነበር፣ የቱ ሽንኩርት፣ የመቼ፣ ምንም የለም፣ ሻጩን ስጠይቀው ሁሉም አንድ ነው አለኝ፣ መደቡ ላይ ከተዘራው አብዛኛው ሳይወጣ ቀረ። ሌላ ሱቅ ሄጄ ደሞ ባለሱቋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ "እናቴ፣ ይሄ መቼ የታሸገ ነው?" ስላቸው ምንም ሳይከፋቸው ቆርቆሮውን ወደኔ አዞሩትና "ይኸው ልጄ፣ ራስህ አንብበው፣ ያምናው አልቋል፣ ይሄን ገና አሁን ነው የከፈትኩት" አሉኝ፣ የዝርያውንም ስም ላስቲኩ ላይ ጻፉልኝ። ከዛ ወዲህ ሌላ ቦታ አልሄድም። እንደዚህ አይነት ሻጭ ካገኛችሁ ያዙት።

ዘሩን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ቁርጥ ጥቁር አዝሙድ ነው ሚመስለው፣ ጥቁር፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ላዩ የተሸበሸበ። አንድ ሁለቱን በጥፍር ጨፍልቆ ማሽተት ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ከሆነ ወዲያው ያውዳል። አንዳንዱ ዘር ሮዝ ወይ ቀይ ቀለም የተቀባ ሆኖ ይመጣል፣ እሱ የሻጋታ መድሀኒት ነው፣ ዘሩን አያበላሸውም ግን በእጃችሁ ከነካችሁት ታጠቡ፣ ልጆች እንዳያገኙት አድርጉ፣ የወጥ ቤት ማንኪያ ደሞ በፍጹም አትጠቀሙበት።

መዝራት ከመጀመራችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። ሀያ ፍሬ ቆጥራችሁ የረጠበ ሶፍት መሀል ታደርጉና ሳህን ላይ በላስቲክ ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ፍሪጅ ጀርባ ምናምን ታስቀምጡታላችሁ። በሰባት በአስር ቀን ውስጥ አስራ አምስትና ከዛ በላይ ነጭ ስር ካወጣ አሪፍ ዘር ነው፣ አስር ከሆነ አጥብቃችሁ ዝሩት፣ ከዛ በታች ከሆነ መልሱት ወይ ጣሉት። ሶፍቱ ላይ የሚበቅል ዘር ነው ገንዘብ ሚገባው፣ የፓኬቱ ስዕል አይደለም።

አሁን ወደ ዘሮቹ።

ቦምቤ ሬድ። ከ5 4 እሰጠዋለሁ። እሱና አዳማ ሬድ ሁለቱም መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አስተዋውቋቸው ገበሬ እጅ ላይ ብዙ አመት የኖሩ ዝርያዎች ናቸው፣ መቂና ዝዋይ ቆቃ ሚመረተው ሽንኩርት ውስጥ ሁለቱን አታጡም። ቦምቤ ሬድ ቀለሙ ፈካ ያለ ቀይ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ በሞቃቱ ሀገር ችግኙ ከተዛወረ በኋላ በአራት ወር ገደማ ውስጥ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ያዘገየዋል፣ ሶስት አራት ሳምንት ጨምራችሁ ጠብቁት። ለጀማሪ እሱን ምመርጥበት ምክንያት ሁሉም አንድ ላይ ነው ሚደርሰው፣ እና ትንሽ ብታስጠሙትም ራስ ይቋጥራል።

አዘራሩ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። መስከረም አጋማሽ ላይ ክረምቱ ሲያበቃ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግ እና አሸዋ ቀላቅላችሁ መደብ ወይ በቁመቱ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ (ስሩን መብሳት ነው) መስመር አውጡ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ከዛ አልብሳችሁ ላዩን በገለባ ሸፍኑትና በወንፊት ውሀ አጠጡ። ሲበቅል ግን ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ እኔ እዚህ ጋር ሁሌም ደስ ይለኛል። ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ታጥፎ ነው፣ ሁለቱም ጫፍ አፈር ውስጥ እንዳለ መሀሉ ቀድሞ ብቅ ይላል፣ ከዛ አንደኛው ጫፍ ቀስ ብሎ ከአፈር ሲላቀቅ ጥቁሯን የዘር ቅርፊት አናቱ ላይ ተሸክሟት ቀና ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ልርዳው ብሎ ቅርፊቷን በጣቱ ይነቅላል፣ አትንኩት፣ ውስጧ ያለችውን ምግብ እየጨረሰ ነው፣ ሲበቃው ራሱ ይጥላታል። መብቀል ሲጀምር ገለባውን አንሱለት።

ችግኙ አንድ ወር ተኩል ከምናምን ሲሆነው፣ ሶስት አራት ቅጠል ይዞ የእርሳስ ውፍረት ሳይደርስ ይዛወራል። መካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። በጣም ወፍሮ እስኪጠነክር አትጠብቁት ምሏችሁ በምክንያት ነው፣ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት አዲስ አበባ ይበርዳል፣ ሽንኩርት ደሞ ወፍራም ሆኖ ብርድ ከመታው የብርዱ ወቅት አለፈ ብሎ አበባ ወደማውጣት ይሄዳል። መሀሉ ላይ ባዶ የሆነ ወፍራም ዘንግ ያወጣል፣ ከዛ በኋላ ራሱ መሀሉ እንጨት ይሆናል፣ አይቀመጥም፣ ቶሎ ነቅሎ መብላት ነው። ዘንጉን ብትቆርጡትም ያው ነው።

አዳማ ሬድ። ከ5 3 ተኩል። ጣዕሙን ብቻ ብንወስድ ከቦምቤ ሬድ ይበልጣል፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠንካራ፣ አይን ሚያስለቅስ፣ ቁሌት ላይ ውሀ ሳይለቅ ሚወፍር ሽንኩርት ነው። ግን ይቆያል፣ እና ከላይ ያልኩት የአበባ ነገር እሱ ላይ ይብሳል። ለአዳማ፣ ለቢሾፍቱ፣ ለሞጆ ሰዎች እሱን ነው ምመክረው፣ እዛ ሙቀቱ ይስማማዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሽሮ ሜዳና እንጦጦ አካባቢ ያላችሁ ቦምቤ ሬድን አስቀድሙ። ናፊስ ሚባልም ከመልካሳ የወጣ ጥሩ ዝርያ አለ፣ ዘሩን በችርቻሮ ሱቅ ካገኛችሁት ውሰዱት። ኤፍ ዋን እየተባለ ሚሸጠው ሃይብሪድ (ድቅል ዘር) ደሞ ምርቱ ጥሩ ነው ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ ከሱ የራሳችሁን ዘር ብታወጡም ልጁ እናቱን አይመስልም፣ ለግቢ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ቦምቤ ሬድም አዳማ ሬድም ላይ ሚመጣው ጠላት ትሪፕስ ሚባል ትንሽዬ ነፍሳት ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ነጭ ጭረት ካያችሁ ቅጠሎቹ ሚገናኙበት መሀል አንገቱ ጋር ከፈት አድርጋችሁ እዩ፣ ቢጫ ቢጫ ቀጫጭን ነገሮች ሲሮጡ ታያላችሁ፣ በአይን ለማየት ያስቸግራሉ ግን አሉ። ደረቅና ሙቅ ሲሆን ነው ሚባዙት፣ የካቲት ላይ ይብሳል። ግቢ ውስጥ ላለች ትንሽ መደብ መድሀኒት መርጨት አልወድም፣ ውሀውን ከላይ በኃይል እየረጫችሁ መሀሉን እጠቡት፣ ሲደጋገም ይቀንሳሉ። ክረምት ላይ ደሞ በተቃራኒው ፐርፕል ብሎች ሚባለው ሀምራዊ ጠባሳ ነው ሚመጣው፣ ለዛ ነው በሀምሌ ራስ ሽንኩርት አትዝሩ ምለው።

ውሀ ላይ፣ በፈረቃ ሚመጣላችሁ ሰፈር ከሆነ አትስጉ፣ ስሩ አጭር ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ነው ሚፈልገው፣ አንድ ጀሪካን ለአንድ መደብ ይበቃል። ቅጠሉ አንገቱ ላይ መውደቅ ሲጀምር ግን አቁሙ። ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ነቅላችሁ ጥላ ስር አስር ቀን አካባቢ ከነቅጠሉ አድርቁት፣ አንገቱ ደርቆ ሲጠብ ቁረጡት። በመጋቢት የነቀልኩት እንደዚህ ደርቆ ፋሲካ ደርሶልኛል፣ የዶሮው ቁሌት በሱ ነው የተሰራው።

በሂሳብ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ለቦምቤ ሬድ ሚጠቀሰው ምርት በሄክታር 300 ኩንታል አካባቢ ነው፣ ያ በደንብ በተያዘ ማሳ ነው፣ በካሬ ሲመታ ሶስት ኪሎ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ሶስት ኪሎ ሽንኩርት በስንት ቀን እንደሚጨርስ ታውቃላችሁ። ስለዚ ራስ ሽንኩርት በሶስት አራት ካሬ ግቢ ላይ ወጪ ይቀንስልኛል ብላችሁ አትግቡበት፣ ከገቡበት አይቀር ለጥራቱና ለራሱ ለስራው ብላችሁ ግቡበት። ሽንኩርት ሰማይ በነካበት ሰሞን ጭምር ሂሳቡ ይሄው ነው።

ባሮ ሽንኩርት ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ከ5 5። ባሮ ከአዲስ አበባ አየር ጋር በጣም ነው ሚስማማው፣ ቀዝቀዝ ያለ ይወዳል፣ ራስ ስለማይቋጥር የቀን ርዝመት ምናምን (ወረድ ብዬ ምነግራችሁ ነገር) አያሳስበውም፣ ከአውሮፓ የመጣ ፓኬት ቢሆንም ይሰራል። ሱቅ ደሞ ሁሌ አይገኝም፣ ሲገኝም ጠውልጎ ነው፣ ቤት ካላችሁ ግን ስትፈልጉ አንዷን ነቅላችሁ ከድንች ጋር ሾርባ መስራት ነው። መደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ዛሬ ካልነቀላችሁት አይበላሽም፣ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ዘሩ ለመብቀል ከሽንኩርት ትንሽ ይቆያል፣ ሁለት ሳምንት ድረስ ታገሱት። ሁለት ወር ካለፈው እርሳስ ሲያክል ይዛወራል፣ አተካከሉ ላይ አንድ ዘዴ አለ፣ ነጩ አካል እንዲረዝም ሚያደርገው እሱ ነው። በእንጨት ወይ በአካፋ እጀታ 15 ሳንቲ ሜትር ሚሆን ቀዳዳ ትሰሩና ችግኙን ትከቱበታላችሁ፣ ጫፉ ብቻ ብቅ ይበል፣ ከዛ አፈር አትሙሉበት፣ ውሀ ብቻ አፍስሱበት። ውሀው ስሩን የሚሸፍን በቂ አፈር ይዞ ይወርዳል፣ የቀረውን ቀዳዳ ግንዱ ራሱ እየወፈረ ይሞላዋል። እየቆየ ሲያድግ አፈር እያስታቀፋችሁት ትሄዳላችሁ። ከላይ በኩል ቅጠሎቹ መሀል አፈር እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ ከገባ ሲታጠብ አይወጣም፣ ወጥ ውስጥ አሸዋ ይሆናል። ከዘር እስከ ድስት አምስት ስድስት ወር ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን በየመሀሉ ከእናንተ ሚፈልገው ነገር የለም።

አሁን ያልኳችሁ የውጭ ፓኬት ነገር። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሚያመጣው፣ ትልቅ ጣፋጭ ቢጫ ሽንኩርት ስዕል ያለበት። ዘሩ ጥሩ ዘር ነው፣ ይበቅላል፣ ቅጠሉም ከኛዎቹ በላይ ያምራል፣ ችግሩ ራስ አይቋጥርም። ሽንኩርት መቼ ራስ እንደሚይዝ ሚያውቀው በቀኑ ርዝመት ነው። ሰሜን ያሉ ሀገሮች ሚዘሩት አይነት ቀኑ 14 ሰዓትና ከዛ በላይ እስኪሆን ይጠብቃል፣ የኛ ሀገር ረጅሙ የሰኔ ቀን አዲስ አበባ ላይ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚ ያ ሽንኩርት ሚጠብቀው ቀን እዚህ አይመጣም። አንገቱ እየወፈረ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ይኖራል። ማዳበሪያ ብትጨምሩለት ይብስበታል እንጂ አይፈታለትም። ፓኬቱ ላይ ሾርት ዴይ (አጭር ቀን) ሚል ካለ ግዙ፣ ሎንግ ዴይ (ረጅም ቀን) ሚል ከሆነ ቅጠሉን እንደ አረንጓዴ ሽንኩርት ለሰላጣ ለመጠቀም ካልሆነ አትልፉ። የኛ ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ለአጭር ቀን የተሰሩ ስለሆኑ ነው እዚህ ሚሰሩት።

ውጭ ላላችሁ ደሞ ነገሩ በተቃራኒ ነው። ከሀገር ቤት ዘር አስልኬ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ጸደይ ላይ ልዝራ ምትሉ፣ ሽንኩርቱ ገና ትንሽ እያለ ቀኑ ይረዝምበትና ለውዝ ሚያክል ራስ ይዞ ያቆማል፣ እዛ ኢንተርሚዲየት (መካከለኛ ቀን) ሚባለውን አይነት ፈልጉ። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን የአጭር ቀን ዘር በመኸር ዘርታችሁ ብርዱን አሳልፎ በጸደይ ብትነቅሉት ይሆናል።

የመጨረሻው የአበሻ ሽንኩርት ነው፣ ትንንሹ፣ ተሰንጥቆ በቡድን ሚበቅለው፣ የምንጃር ሰዎች በደንብ ሚያውቁት። ለወጥ እሱን ሚያክል የለም ብዬ ነው ማምነው፣ ውሀው ትንሽ ነው፣ ቁሌቱ ቶሎ ይወፍራል፣ መዓዛው ሌላ ነው። ዘሩን ግን ከ5 2 ነው ምሰጠው። ከዘር ሲበቅል አንዷ ችግኝ አንድ ራስ፣ ቢበዛ ሁለት ሶስት ትሰጣለች፣ እሱም ትንንሽ ነው፣ እንዲሁም ልጆቹ አንድ አይነት አይሆኑም፣ አንዱ ቀይ አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ክብ አንዱ ሹል። ከአውሮፓ ሚመጣው የዚህ አይነት ዘር ደሞ ያው የረጅም ቀን ችግር አለበት። ከገበያ ጤነኛና ጠንካራ የሆኑትን መርጣችሁ፣ መብቀል የጀመሩ ካሉ ደሞ እነሱን አስቀድማችሁ፣ አናቷ ብቻ እንድትታይ ብትተክሏቸው ከአንዷ አራት አምስት ከዛም በላይ ታገኛላችሁ፣ በሶስት ወር አካባቢ ይደርሳሉ። ዘር ሚጠቅመው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ከራስ ወደ ራስ ሲተላለፍ የመጣ በሽታ ካለባችሁ፣ ከዘር ስትጀምሩ ብዙው በሽታ ይቆረጥና ንጹህ መነሻ ታገኛላችሁ፣ ያንን ከነቀላችሁ በኋላ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ራሱን ነው ምትተክሉት።

ዘንድሮ ለምትጀምሩ የኔ ግዢ እንደዚህ ይሁን፣ አንድ ማንኪያ ቦምቤ ሬድ፣ አንድ ፓኬት ባሮ፣ ግማሽ ኪሎ የአበሻ ሽንኩርት ከጉሊት። የተረፈውን ዘር ክዳኑ በደንብ ሚገጥም የደረቀ ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ የተቆላ ሩዝ ጨምራችሁበት (ሩዙ ይቀዝቅዝ መጀመሪያ) ፍሪጅ አስቀምጡት፣ ቀኑንና ስሙን ጻፉበት፣ ለሚመጣው መስከረም ከሶፍቱ ምርመራ በኋላ መዝራት ትችላላችሁ።